ሦስት የኸለፍ እናቶች

ኸለፍ የሴት ስም በሰው ፊት አይጠራም። በላይኛው ግብፅ፣ በሚንያ ገጠር፣ እንደ እሱ ያለ ወንድ ሞልቷል፤ እሱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሚስቱን ኢንሳፍን ወንዶች በተቀመጡበት ሲያነሳት «የቤት ሰዎች» ይላታል፣ አንዲቷን ሴትዮ በብዙ ቁጥር። ከሴት ልጆቹ አንዷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ «ልጅቷ አለፈች» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ አደለ። ጎረቤቶቹ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ለማወቅ ሚስቶቻቸውን መላክ ነበረባቸው።

የእናቱንማ እንተወው። እናቱ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር፣ «ሐጃ» ናት፤ እናቱ «የኸለፍ እናት» ናት። ለስኳር ሕመሟ ጤና ጣቢያ ሲወስዳት፣ መዝጋቢው ስም ሲጠይቀው በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ በጆሮው ያንሾካሹክለታል። አንድ ቀን አዲስ የመጣ መዝጋቢ የሰማውን ጮክ ብሎ ደገመው። ከኋላ የተሰለፉት ወንዶች ምንም አላሉም፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ። ኸለፍ ለዚያች ጉሮሮ ሲል እናቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ ድረስ እየወሰደ ያሳክማታል።

ነገሩ የልጅነት ቁስል ነው። ትንሽ ተማሪ ሳለ፣ በብርዱ ወራት አንድ ጠዋት ካፖርቱን ረስቶ ሄደ፤ እናቱ ተከትላው ትምህርት ቤት መጣች። መምህሩ በር ላይ ማን እንደሆነች ጠየቃት። እሷም በየዋህነት ስሟን ከነአባቷ ነገረችው። መስኮቱ ሥር ልጆች ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸንኮራው ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ኸለፍ በቦዩ ዳር ባለፈ ቁጥር ስሟን በዜማ ይሉለት ነበር። ስድብ አልነበረበትም። ስሟ ብቻ ነበር፣ እየተጎተተ፣ እየተጨበጨበለት። ታገለ፣ ነከሰ፣ አንድ የፊት ጥርሱን አጣ። ዜማውን ያወጣው የአጎቱ ልጅ ሸሃታ ነበር።

ዛሬ ሸሃታ የኸለፍ እህት ባል ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፣ አፉ አያርፍም። ኸለፍ ደግሞ የሸንኮራ ጭማቂ አፍልቶ ጥቁሩን ማር የሚያወጣ ሰው ሆኗል። ክንዶቹ በፍንጣቂ ተጠባብሰዋል። ትዕግሥቱ ግን ለጉድ ነው፤ ተጣልተው የተኳረፉ ባልና ሚስት እንኳ ወደ እሱ ይመጣሉ። የሚስቲቱን ስም አንዴም ሳያነሳ ከጎድጓዳው ብረት ምጣድ አጠገብ ቆሞ ያስታርቃቸዋል። ስለዚያ ስለ ብርዱ ወራት ግን እሱና ሸሃታ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ወደ እስክንድርያ የመሄዱ ሐሳብ የእናቱ ነበር። ዓይኗ በስኳሩ ምክንያት እየደከመ ሄዶ፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ወደ መለየቱ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን እራት ላይ «ባሕሩን ሳላየው ነው እንዴ የሚጨልምብኝ?» አለች። ከአባይ ዳር ርቃ የማታውቅ ሴት ናት። በማግስቱ ኸለፍ ሸሃታን «የዒድ ሦስተኛው ቀን መኪናህን ለሰው እንዳትሰጥ» አለው።

በማለዳ ተነሱ። ኸለፍ ከፊት፣ እናቱ፣ ኢንሳፍና ሹሩቅ ከኋላ። ሹሩቅ ያቺ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ ናት። ሸሃታ እስከ ካይሮ ዘፈነ፣ ከካይሮ ወዲያ አወራ።

«የአጎቴ ልጅ፣ እዚያ ስንደርስ አሳ ስበላ እንዳታየኝ። አጥንቱን አልተፋም።»

«መንገዱን እይ።»

«መንገዱ እኔን ያየኛል። ሐጃ፣ ባሕሩን ስታይ መጀመሪያ ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ?» አለች እናቱ። «ዝም ብዬ አየዋለሁ። ያየሁትን ሁሉ የማወራ እንዳንተ መሰልኩህ?»

ኢንሳፍ በመጎናጸፊያዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ከተማዋ የገቡት ቀትር ላይ ነበር። ባሕሩ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ብልጭ ሲል እናቱ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ያ ሰማዩ ነው ወይስ እሱ ነው?»

«እሱ ነው አያቴ» አለቻት ሹሩቅ።

«ታዲያ ማዶው የታለ?»

እናቱ ወደዚያ ወደ ሰማያዊው ነገር ፊቷን አዙራ ቀረች። ኸለፍ በመስታወቱ ውስጥ አያት። እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም።

ሸሃታ መኪናውን እያቆመ «አሳ ቤቱ ያውና፣ ሽታው እንኳ ቀድሞ ተቀብሎናል» ስላለ፣ ሹሩቅ አያቷን የቀትር መርፌዋን ወጋቻት። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ መርፌው ይቀድማል፣ ምግቡ ወዲያው ይከተላል። አሳ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ግን ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ወደ ሌላ መንገድ ገብቶ ነበር። የግብፅ ሕዝብ በሙሉ ዒዱን ለማክበር እዚያች በር ላይ የተሰበሰበ ይመስላል። አስተናጋጁ ስማቸውን ይዞ «ዞር ዞር ብላችሁ ኑ» አላቸው።

ሹሩቅ ከቦርሳዋ ቴምር አወጣች። «አያቴ፣ አንድ ብቻ ብይ።»

«ከአሳው በፊት ሆዴን አታበላሺብኝ።»

«መርፌው እኮ...»

«መርፌው ይጠብቃል። ልጅ ሆነሽ ሐኪም አትሁኚብኝ።»

ዞር ዞር ማለት ደግሞ ያው በባሕሩ አፍ ላይ የቆመውን አሮጌውን ግንብ ማየት ነው። እናቱ የድንጋዩን ደረጃ በጥርጣሬ አየችና «እኔ ለባሕሩ ነው የመጣሁት፣ ለድንጋዩ አይደለም» ብላ ከግንቡ ግርጌ ባለው አጭር አጥር ላይ ተቀመጠች። ሸሃታ አብሯት ቀረ።

«ከዚህ እንዳትነቃነቂ እማዬ» አላት ኸለፍ።

«ወዴት እሄዳለሁ? የመጣሁለት ከፊቴ ነው።»

ከላይ፣ ከጠባቡ የግንብ መስኮት፣ ኸለፍ ወደታች ሲያይ ጥቁር ነጥብ አክላ ታየችው። እጁን አነሳላት፤ እንደማታየው ትዝ ሲለው አወረደው። ኢንሳፍ ፎቶ እንዲያነሷት ፈለገች፤ ሹሩቅ ሦስት ጊዜ አነሳቻት፣ ኢንሳፍ በሦስቱም ዓይኗን ጨፍና ወጣች። ሲወርዱ ነፋሱ በርትቶ ነበር። አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጥቧል። ማዕበሉ እየዘለለ ይመታዋል። የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ሸሃታ ከሌላው በኩል ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ።

«እሷስ?» አለው ኸለፍ።

«እዚህ ናታ።» ሸሃታ አጥሩን አየ። ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። «ትራፊኩ መኪናህን አንሳ አለኝ፣ አንስቼ መጣሁ።»

«ብቻዋን ትተሃት?»

«ደስ ብሏት ነበር እኮ የአጎቴ ልጅ። ስናገራት እንኳ አልሰማችኝም።»

ሹሩቅ ከሁለቱ መካከል ገባች። ፊቷ ነጥቷል። «አልበላችም» አለች። «መርፌውን ወግቻታለሁ፣ አልበላችም።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። በቤታቸው አንድ ጊዜ ደርሶ አይተውታል። መጀመሪያ ላብ ነው፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ። ከዚያ ወሬዋ ይምታታል፤ ያን ጊዜ ኸለፍን በሞተው በባሏ ስም ጠርታው ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይመጣል። ሐኪሙ ያን ጊዜ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ኸለፍ ሮጠ። በጀለቢያው ጫፍ እየተደናቀፈ በአጥሩ ርዝመት ሄደ፣ ተመለሰ። የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡትን ጠየቀ፣ ፊኛ የሚሸጡትን ጠየቀ። በጥጉ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ጌታው፣ አንዲት አሮጊት አላዩም? ጥቁር የለበሰች፣ ከላይኛው አገር የመጣች።»

ፖሊሱ ብድግ ብሎ በእጁ ዳርቻውን በሙሉ አሳየው። የዒዱ አውቶብሶች ከሚንያ፣ ከአስዩት፣ ከሶሃግ እያመጡ ያራገፏቸው አሮጊቶች በየአጥሩ፣ በየደረጃው፣ በየጥላው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጥቁር በጥቁር።

«ምረጥ» አለው። ፌዝ አልነበረም፤ እሱም ጨንቆት ነበር። ትንሽ አሰበና «ጀልባ ከሚሠሩበት ጀርባ መስጊድ አለ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ባሕሩ ይሰማል። እዚያ አስነግር» አለው።

መስጊዷ ትንሽ ናት፤ ግድግዳዋ በባሕሩ ጨው ተልጧል። ጠባቂው ሼህ በድር የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ማይኩን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ደጃፉ ላይ የጫማ መደርደሪያውን ተደግፈው የዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን፣ ሶላት የሚጠብቁ ወንዶች አሉ። ከአነጋገራቸው ብዙዎቹ የላይኛው አገር ሰዎች እንደሆኑ ኸለፍ ወዲያው ለየ። በአገሩ ሰዎች ፊት ስሟን ከሚጠራ ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

«ስሟ ማን ይባላል?» አሉ ሼሁ ጨርቁን እየፈቱ።

«የኸለፍ እናት።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩህ ልጄ።»

«በዚህ ነው የምትታወቀው።»

«አገሯስ?»

«ሚንያ።»

«ሚንያ ሰፊ ነው።»

«ሚንያ ይበቃል» አለ ኸለፍ። የመንደሩ ስም በባዕድ ከተማ ድምፅ ማጉያ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈለገም።

ሹሩቅ አፏን ከፈተች፤ አባቷ ሳይዞር እጁን አነሳባት። ሼሁ ትከሻቸውን ነቅንቀው ማይኩን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ድምፃቸው ከላይ፣ ከመስጊዱ ማማ ከሚናሩ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወረደ። «ከሚንያ የመጣሽ የኸለፍ እናት፣ ልጅሽ በመስጊዱ በር እየጠበቀሽ ነው።» ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት በጥጉ በኩል እየሮጠች መጣች። ኸለፍ ሊቀበላት ተንደረደረ። ስትቀርብ ሌላ ሴት ሆነች።

«የኸለፍ እናት እኔ ነኝ» አለች እያለከለከች። «ልጄ ምን ሆነ? መኪና ገጨው?»

«አንቺን አይደለም ሐጃ።»

«ታዲያ ለምን ነፍሴን ታወጣላችሁ?» ብላ ደረቷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እሷ ሳትነሳ ሁለተኛዋ ደረሰች፤ ግማሹን የበላችው በቆሎ በእጇ ነው። ኸለፍን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይሄ የኔ ኸለፍ አይደለም» አለች ለተሰበሰቡት። «የኔው ይወፍራል።» ከደጃፉ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። ሴትዮዋ «ከሞቀ ቦታዬ አስነስታችሁኝ» እያለች በመጣችበት ተመለሰች።

ሦስተኛዋ ምርኩዝ ይዛ እየሳቀች መጣች፤ ሳቋ ፊቷን ሁሉ ሞልቶታል። «የታለ? ከኩዌት መጣ እንዴ? ሳይነግረኝ?» አለች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ኸለፍ ማየት አቅቶት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

የእሱ እናት አልመጣችም።

«ወንድሜ፣ በላይኛው አገር ከሁለት ቤት አንዱ ኸለፍ አለው» አለ ከደጃፉ ካሉት አንዱ። «እናቶቹን ሁሉ ልታስጨርሳቸው ነው?»

«ልጄ» አሉ ሼሁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናትህን ነው የምትፈልገው ወይስ ራስህን? እስካሁን ያስጠራኸኝ ያንተን ስም ነው። አሁን አዛን ሊደርስ ነው፤ ከዚያ ሶላት ነው። ስሟን ስጠኝ።»

ኸለፍ ወደ ሼሁ ጆሮ ጠጋ ብሎ ማንሾካሾክ ይችል ነበር፣ እንደ ጤና ጣቢያው። ግን ምን ይጠቅማል? በጆሮ የገባው በሚናሩ ይወጣል።

«አባዬ» አለች ሹሩቅ። «አሁን ላብ አልቧታል። አሁን እየተንቀጠቀጠች ነው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«በኋላ ትመታኛለህ።»

መትቷት አያውቅም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ይህን ማለቷ ከምንም በላይ አስደነገጠው።

ሸሃታ ጠጋ አለ። ከጠፋች ጀምሮ ቀልድ አልወጣውም። «የአጎቴ ልጅ፣ አንተ ከከበደህ እኔ ልበለው። እኔ ስሟን...»

ኸለፍ የሸሃታን የሸሚዝ ኮሌታ ያዘ። እንዴት እንደያዘው አያውቅም። «አንተ አፍህን ክፈትና» አለው በቀስታ፣ «ያኔ ያልሰበርኩልህን ጥርስ ዛሬ እሰብርልሃለሁ።» ሸሃታ አልታገለም። ዓይኑ ግን ውሃ ሞላ። ያንን ብርድ ወቅት እሱም እንዳልረሳው ኸለፍ ያን ጊዜ ገባው።

ኢንሳፍ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። ወንዶች ባሉበት ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም።

«የሷ ስም እኮ ነው» አለች። «ያንተ አይደለም።»

ኸለፍ እጁን ከኮሌታው አነሳ። በመንደራቸው መስጊድ ሴት ስትሞትም በስሟ አይነገርም፤ «የእገሌ እናት ወደ አላህ ሄደች» ይባላል፣ ሁለት ጊዜ። አክስቱ የሞተች ቀን መልእክቱን ለሙአዚኑ ያደረሰው ራሱ ነበር፤ እንደ ወጉ ስሟን ዘልሎ። አሁን እኚህ ሼህ «የኸለፍ እናት» ብለው ከሚናሩ ሁለት ጊዜ ተጣሩ። ጆሮው ውስጥ የቀረው ያ ድምፅ መርዶ ይመስል ነበር። የጫማ መደርደሪያውን ያዘ።

«ይስጡኝ» አለ።

ሼሁ ማይኩን ሰጡት። ከጠበቀው በላይ ቀላል ነበር። አፉ ላይ ሲያደርገው መጀመሪያ የወጣው ትንፋሹ ነው፤ ትንፋሹ በሚናሩ በኩል ወጥቶ በባሕሩ ዳር ሁሉ ተሰማ። ደጃፉ ላይ ያሉት ወንዶች ቀና አሉ።

ችግሩ ሌላም ነበር። ስሟን ጮክ ብሎ ሊጠራው ሲል የሚመጣበት ያ የልጆቹ ዜማ ብቻ ነው። ሌላ አጠራር አልለመደም። አባቱ እንኳ «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚላት። ዓይኑን ጨፈነና እንደ ማንም ሰው ስም፣ ሳይጎትት፣ ሳያቻኩል ሊለው ሞከረ።

«ተፊዳ» አለ።

«አልተሰማም» አሉ ሼሁ።

«ተፊዳ አብደልመውጁድ።» ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እሱ ግን ቀጠለ። የመንደሩን ስም ጠራ። «ተፊዳ አብደልመውጁድ፣ የአብደልመውጁድ ልጅ፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ። መስጊዱ ጋ ነኝ። ካለሽበት እጅሽን አንሺ። አጠገቧ ያላችሁ ሰዎች፣ ስኳር አለባት፣ አልበላችም፣ ጣፋጭ ነገር አፏ ላይ አድርጉላት። ስሟ ተፊዳ ነው።»

ማይኩን አወረደ። ማንም ጉሮሮውን አልጠረገም። ባሕሩ ይመታል፣ ይመለሳል። ሹሩቅ የአባቷን የጀለቢያ እጅጌ ይዛ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አላወቀም። ሼሁ ሰዓታቸውን አዩ፣ አዛኑን ግን አልጀመሩም።

በቆሎ ይዛ የነበረችው ሴት በጥጉ በኩል ብቅ አለች። አሁን በቆሎው የለም።

«አጠገቤ ያለችው ናት» አለች ከሩቅ። «ኑ፣ ቶሎ።»

ከመስጊዱ ጀርባ፣ ተገልብጠው ቀለም የሚቀቡ ጀልባዎች ባሉበት፣ አንዲት ግብጦ ሻጭ ጋሪዋን አቁማለች። ማዕበሉ አጥሩን ሲመታ አሮጊቷን ከርጥበቱ አንስታ እዚህ ከነፋስ ያስጠለለቻት እሷ ናት። ግብጦ ሰጥታት ነበር፤ እንግዳዋ ግን «ቤተሰቦቼ ሳይመጡ አልበላም» አለቻት። የመጀመሪያው ጥሪ ሲሰማ እናቱ ልትነሳ ብድግ ማለት ጀምራ ነበር። በቆሎ የያዘችው ጎረቤቷ «እኔን ነው፣ የኸለፍ እናት እኔ ነኝ» ብላ ስትሮጥ ተመልሳ ተቀመጠች። የሰው ጥሪ መቀማት ነውር መሰላት።

አሁን ጀርባዋን ለጀልባው ሰጥታ ተንሸራታለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ነጭ ነው። ቀኝ እጇ ግን ከጭኗ ከፍ ብሎ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ እየተንቀጠቀጡ ነበር። ግብጦ ሻጯ ጣቷን በስኳር እየነከረች ድዷን ታሻታለች።

«ስሟን ሲጠራው እጇን አነሳች» አለች። «ከዚያ ወዲህ አላወረደችውም።»

ሹሩቅ ተንበረከከች። ከሻጯ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ ወደ አያቷ ጉንጭ አስገባች። ፈሰሰ። ደግማ ሞከረች፤ ፈሰሰ። ኸለፍ ከኋላዋ ቆሞ መርዳት የሚችልበት ነገር አጣ። የሸንኮራውን ጭማቂ ሲያፈላ እንደሚያደርገው የእናቱን ጉሮሮ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ፣ እስኪወርድ፣ እስኪወርድ። በሦስተኛው ማንኪያ ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ።

«ዋጠች» አለ።

ሻዩ ሲያልቅ ሌላ መጣ። በቆሎ ይዛ የነበረችው ሁለተኛዋ የኸለፍ እናት የተሸጎጠ ከረሜላ ከብብቷ አወጣች። ቀስ እያለ ቀለም ወደ ሕመምተኛዋ ከንፈር ተመለሰ። እናቱ ዓይኗን ገልጣ የከበቧትን ጥላዎች አንድ በአንድ አየች።

«አሳው ደረሰ?» አለች።

ኢንሳፍ እየሳቀች አለቀሰች። ሸሃታ ፊቱን ወደ ጀልባው አዞረ።

ትንሽ ቆይታ እናቱ «ኸለፍ» አለች።

«አቤት እማዬ።»

«በሚናሩ የጠራኝ ማነው?»

መካድ አይቻልም ነበር። «እኔ ነኝ» አለ።

መጎናጸፊያዋን አገጯ ላይ ካለው ንቅሳት አልፋ እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ያፈረች ጊዜ የምታደርገው ነው። ኸለፍ ጎኗ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። «ሌላ መንገድ አጣሁ» አላት። «ይቅር በይኝ።»

«ሕልም መስሎኝ ነበር» አለች ከመጎናጸፊያው ሥር። «አባቴ የጠራኝ መሰለኝ። ልመጣ ነው ልለው ነበር።»

ከመስጊዱ አዛኑ ተነሳ፤ ሼህ በድር እስክትገኝ ድረስ ጠብቀው ኖሯል።

መኪናው የቆመው ርቆ ነበር። ሸሃታ «በጀርባዬ ላዝላት» አለ፤ እሷ «ከባሕሩ አጠገብ ነው የምሄደው፣ በእግሬ» አለች። ኸለፍ በአንድ ክንዷ፣ ሹሩቅ በሌላው ያዟት። በዳርቻው ጎዳና ላይ ሰዉ ሁሉ ሰምቶ ነበር። የመጀመሪያዋ ፊኛ ሻጯ ናት። «ተገኘሽ ሐጃ ተፊዳ? አልሐምዱሊላህ።» የኸለፍ ክንድ ድርቅ አለ፤ እናቱ በክንዷ በኩል ተሰማት። ከዚያ በቆሎ ጠባሾቹ፤ ከዚያ የሰርግ ልብሷን ለብሳ ፎቶ የምትነሳ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ። ያ ወጣት ፖሊስ ከጥላው ሥር ብድግ ብሎ «ሐጃ ተፊዳ፣ አስደነገጥሽን» አላት።

አጥሩ ላይ ከተደረደሩት የላይኛው አገር ሰዎች መካከል አንድ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሱ። «የአብደልመውጁድ ልጅ፣ እንኳን ተረፍሽ» አሏት። ኸለፍ በዓይናቸው ውስጥ ፌዝ ፈለገ፤ አላገኘም። ደግሞ ፈለገ። ቶሎ ለማለፍ እርምጃውን አፈጠነ።

እናቱ ግን ቆመች። መጎናጸፊያዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

«አላህ ያክብርልኝ» አለቻቸው ለሽማግሌው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ቀስ በል እንጂ ኸለፍ። ሰው ሰላም እያለኝ ነው።»